መኪና «ቁም» ሲሏት አትሰማም

ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት፣ እንደ አባት ሆነው ላሳደጉኝ አጎቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ በሰው አገር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህ ከተማ ስመጣ ያገኘሁት ከተማ አይደለም። ያኔ መንገዱ የፈረስ ነበር፤ ዛሬ የመኪና ሆኗል። ሐኪሙ በመኪና ይመጣል፣ ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ ሬሳው በመኪና ይሄዳል። ከጋራዣችን ፊት ለፊት ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ሰው ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሳለት ኩሩ ሰው። ሱቁን ዘጋና አሁን ከእኛ ዘንድ ጎማ ይለጥፋል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

አንድ የምሥራች አለኝ። የጋራዡ ጌታ ሴት ልጁን ሊድርልኝ ፈቅዷል። ታዲያ ባለፈው እሑድ ቤቱ ጠርቶኝ፣ ምንጣፍ ላይ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጨንቆኝ ሳለ፣ «ያሳደገህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። ጋሪ ነጂ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሚስቱን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ። ፈረስ ጋጣ አጠገብ እንዳደግኩ፣ ልብሴ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት እንደነበር ለእነዚህ ሰዎች በምን አፌ ልናገር? «የመኪና ሹፌር ነው» አልኩ። አፈርኩ፣ አጎቴ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አፈርኩ።

እንግዲህ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ አልችልም። እዚያ ያለው ጨርቅ ነጋዴ መኪና ሊያስመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ መቼም ሹፌር ይፈልጋል። እባክዎ ፈረስዎን ጨዋውን ይሽጡትና መኪና መንዳት ይማሩ። የጋሪ ነገር እንደሆነ አብቅቶለታል። ውሸቴን እውነት ያድርጉልኝ። ሲያበቁም ከመኪናዋ ጎን ቆመው የተነሱትን ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ እነሱ እንዲያዩት ነው።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 20

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። እንደምን ከርመሃል? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴም አለ፣ ሲፈልግ ይታጠፋል ሳይፈልግ ይቀራል። ልትዳር ነው መባሉን ስሰማ ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ። ትዳርህን የአብርሃም የሣራ ያድርግልህ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ወደ ታች ስወርድ ግን ሳቁን ተውኩት። በእኔ አፈርክ ማለት ነው? ጉድ እኮ ነው! ያን ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸተውን ልብስ የገዛልህ ማን ሆነና ነው? ጨዋው አይደለም ወይ? ትምህርት ቤት ያስገባህ፣ የሄድክ ዕለት ሳጥንህን ጣቢያ ድረስ የጎተተልህ ማን ነበር? ተወው፣ ሆድ ይፍጀው።

መኪናዋ መጥታለች። የገባች ዕለት ያልወጣ ሰው የለም። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን እሳት ላይ ረስቶ ወጣና እስከ ማታ ከሰል ሲሸጥልን ዋለ። አሮጊቶቹ «የሚጎትታት የት አለ?» እያሉ ከኋላዋ ዞረው ፈለጉ። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አሁን የሚስቅ የለም። መንገዱ እኮ መቀመጫችን ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን በር ላይ ማውጣት ተወ። ሴቶቹ ልብስ መንገድ ዳር ማስጣት ተዉ፤ አቧራው መልሶ ያቆሽሸዋል። ሰው ከገዛ ቤቱ ሲወጣ እንደ ሌባ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ ነው። አዋላጇ እንኳን «በጋሪ እስክደርስ ልጁ ጥርስ ያበቅላል» ብላ ነጋዴውን ትለምነዋለች። እሱ ራሱ የእኔ ደንበኛ እንዳልነበረ ሲያልፈኝ ጥሩምባ ይነፋብኛል። እኛ ባለጋሪዎቹ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ዝንብ እናባርራለን።

ስለዚህ ጋሪ አብቅቶለታል ማለትህ ሐሰት አይደለም። እውነት መሆኑ ነው ያመመኝ። ሆኖም ወንድሜ ሲሞት አንተን አደራ ብሎኛል፤ በአማቾችህ ፊት አንገትህን አላስደፋህም። ጨዋውን ሸጥኩት። የገዛው ውሃ ሻጩ ጎረቤታችን ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ አይመታውም። ሊወስደው ሲጎትተው ጨዋው እግሩን ተክሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሂድ» አልኩት። ሄደ። መቼም ታውቀዋለህ፣ ያልኩትን ይሰማል። ጋጣውን ከዚያ ወዲህ አልገባሁበትም።

ነጋዴውም እሺ ብሏል። መኪናዋን ይዞ የመጣው ባለሙያ ያስተምረኛል። እንግዲህ ደስ ይበልህ።

አጎትህ

ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለውድ አጎቴ። ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው እንዳያየኝ መኪና ሥር ገብቼ ነው ያነበብኩት። ስለ ጨዋው የጻፉትን ሳነብ ወደ ላይ ላለመውጣት ሌላ ብሎን ፈልጌ አጠበቅኩ። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ግን ደስ ብሎኛል፤ ደስ አላለኝም ብል ይታዘቡኛል።

ከዚህ ጋር የቆዳ ጓንትና የአቧራ መነጽር ልኬያለሁ። አንድ ምክር ደግሞ ይስሙኝ። መኪና እንደ ጨዋው አይደለችም። መሪውን ወደ ደረትዎ ቢጎትቱት አትቆምም። ቢቆጧት አትፈራም፣ ቢያባብሏት አትሰማም። የምትሰማው እግርዎን ብቻ ነው፤ ፍሬኑን ይርገጡ። እዚህ ከእኛ ጋር የቀድሞ ሠረገላ ነጂ አለ፤ እስከ ዛሬ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ መሪውን እየሳበ «ቁም!» ይላል። በእሱ ስቀን አንጠግብም። እርስዎ ግን ብልህ ነዎት፣ ቶሎ ይለምዱታል።

ፎቶግራፉን አይርሱብኝ።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 17

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእጮኛህ። ጓንቱ ልክ ነው። መነጽሩ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል፣ ግን ችዬዋለሁ።

አንተማ መከርከኝ፤ እጄ መቼ ይሰማል? ይህን ሁሉ ዘመን ልጓም የያዘ እጅ እኮ ነው። ከፊት ለፊቴ ድንጋይ እንኳ ካየሁ መሪውን ወደ ሆዴ እጎትትና «ቁም! ቁም አልኩህ!» እላለሁ። አስተማሪዬ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ነጋዴው ከኋላ ሆኖ «ገብስም አብላት እንጂ» ይለኛል። እንዲያም ሆኖ ተማርኩ። ብቻዬን እነዳለሁ። ደንገጥ ካላልኩ በቀር አፌን ዘግቼ ነው የምነዳው።

አሁን ሹፌር ነኝ። «አንተ ባለጋሪ፣ ና እስቲ» ይለኝ የነበረው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሳልፍ ከወንበሩ ይነሳል። ያ ሰውዬ ለአባቱም የሚነሳ አይመስለኝም ነበር። ልብስ ሰፊው ካልለካሁህ ብሎ ኮት ሰፋልኝ። ደስ አይልም አልልህም፤ ደስ ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ያሳፍረኛል። ባልንጀሮቼ ባለጋሪዎቹ ዛሬም ከዛፉ ሥር ናቸው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬስ ሰላም እላቸዋለሁ እላለሁ። እጄ ግን መሪው ላይ ነው፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ አቧራዬን አልብሻቸው አልፋለሁ። መቼም አንገት አለኝ፤ ዞር ማለት ይቻል ነበር። «ኮራ» አሉኝ አሉ። ምን ልበል? ውሸት አላቸውም።

ፎቶግራፉ ይኸው። መነጽሩን ሳላወልቅ ስለተነሳሁ ጉጉት መስያለሁ፤ አማቾችህ እንዳይደነግጡ አስቀድመህ ንገራቸው።

ሹፌሩ አጎትህ

ሰኔ 3

ይድረስ ለውድ አጎቴ። እንደምን አሉ? በመጋቢት ጽፌ ነበር፣ በሚያዝያም ጽፌ ነበር፤ መልስ የለም። ፖስታው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ይህን ጻፍኩ።

ሠርጌ ሆነ። በቦታው እርስዎ አልነበሩም እንጂ ፎቶግራፍዎ ነበር። አማቴ በመስተዋት አሠርቶ እንግዳ መቀበያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎታል። እንግዳ ሲመጣ በከዘራው እየጠቆመ «የልጄ ባል አጎት» ይላል። አንዱ እንግዳ «መኪናዋ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ምን ነካኝ መሰለዎት? «የራሱ ናት» አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ አደርኩ፤ ጠዋት ግን እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ።

አሁን ደግሞ ከሚስቴ ጋር ልንጠይቅዎ ልንመጣ ነው። ነጋዴውን አስፈቅደው ጣቢያ ድረስ በመኪናዋ ይቀበሉን። ሚስቴ ሹፌሩ አጎት አጠገብ ከፊት ተቀምጣ ፎቶ ልትነሳ፣ እሱንም ለእናቷ ልታመጣ ቃል ገብታለች። ለዚያች ቀን ብቻ መኪናዋ የእርስዎ ትሁን። ኧረ ይጻፉልኝ፤ ዝምታዎ አስፈራኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ነሐሴ 25

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። እንኳን ደስ አለህ። ውለዱ፣ ክበዱ።

ደህና ነኝ። ዘንድሮ አትምጡ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል፣ መኪናዋም አልተመቻትም። ጓንት አትላክ፣ ገንዘብም አትላክ። ሌላ ወሬ የለም።

አጎትህ

መስከረም 30

ይድረስ ለአጎቴ። ለጤናዎ እንደምን አሉ?

አትምጡ? እንዲህ ነው የሚባለው? ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት? ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ለእርስዎ ሹራብ ሠርታለች፤ ልክዎን ከፎቶው ላይ ገምታ ነው። አማቴ «አጎትህ የማይፈልገን ምን ሆነን ነው?» ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። በእኔ ቂም ከያዙ ይውቀሱኝ፤ ፈረሱን ያስሸጥኩዎት እኔ ነኝ፣ ቢሰድቡኝም ይገባኛል። ይህ ደረቅ ደብዳቤ ግን አይገባኝም። የመንገድ መበላሸት ለዚህ ሁሉ ወር ዝምታ መልስ አይሆንም።

ከዚያ የመጣ አንድ የእንጨት ነጋዴ አግኝቼ ነበር። የጨርቅ ነጋዴውን መኪና አንድ ጎረምሳ ሲነዳት አየሁ አለኝ። ስለ እርስዎ ስጠይቀው ሰዓቱን አይቶ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ሄደ። ምን ሆነዋል? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 11

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። እንደምን አለህ?

የእንጨት ነጋዴው እውነቱን ነው። መኪናዋን የሚነዳት ሌላ ሰው ነው። ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ ተነሳሁ። ከልጅ ፊት አንገት መድፋት ከባድ ነው።

በመጋቢት ነው፣ የገበያ ቀን። ነጋዴውን ከኋላ ጭኜ ዳገቱን ቁልቁል እወርዳለሁ። ታች ውሃ ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ከቀኝ በኩል ጨዋው ብቅ አለ። በርሜሉን እየጎተተ መንገዱን ያቋርጣል፤ ውሃ ሻጩ ከላይ ተቀምጧል። ፈጠን ብሎ ነበር የሚሄደው፤ መንገዱን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ አልፎ ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። እግሬ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ረሳ። መሪውን ወደ ደረቴ ጎትቼ፣ ባለ በሌለ ድምፄ «ቁም!» አልኩ።

ለመኪናዋ ነበር ያልኩት። መኪናዋ አልሰማችም። ጨዋው ሰማ።

ቆመ፣ ልጄ። መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አቅንቶ ቆመ። ውሃ ሻጩ ቢጮህ፣ ልጓሙን ቢያርገበግብ፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ ቁም ብዬዋለሁዋ! ከሸጥኩት ወዲህ ድምፄን ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ሲሰማ ደስ ብሎት ይሆን እላለሁ፤ ይህን ሳስብ ነው የማብደው። እዚያው ሞተ። ውሃ ሻጩ ከጋሪው ተወርውሮ ጭኑ ተሰበረ።

ቀድመው የደረሱት ባለጋሪዎቹ ናቸው። ሰውዬውን አነሱ፣ ፈረሱን ከመንገድ ጎተቱ። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሰምቶህ እኮ ነው» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ነጋዴው ደግሞ ከመኪናዋ ወርዶ መጀመሪያ ያየው ፋኖሷን ነው። መሰበሯን አየና ቁልፉን ከእጄ ተቀበለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። የጨዋውም ዋጋ ለወጌሻውና ለፋኖሷ ሄደ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ አይነሳም፤ እሱስ ግድ የለም።

አንተን አልከስህም፤ መሪው የነበረው በእኔ እጅ ነው። ሥራ አላጣሁም። ውሃ ሻጩ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ይሸጣል፣ እኔ እረዳዋለሁ። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ገፍቶኝ አያውቅም። ቁስሌም ይኸው ደግነቱ ነው። ገንዘብ አትላክብኝ። አትምጣም። ያቺን ልጅ ይዘህ ብትመጣ በየትኛው ፊቴ ልቀበላት? ሹራቡን ግን ስለ ደግነቷ አመስግንልኝ።

አጎትህ

የካቲት 6

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ። ሰላምታዬ ይድረስዎ።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ጨዋው አለቀስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ አይከሱኝም እንጂ እኔ ራሴን እከሳለሁ። እዚያ ምንጣፍ ላይ አንዲት ቃል ባስተካክል ኖሮ ዛሬ ፈረሱም ጋሪውም ነበሩ።

እንዳሉን አልመጣንም። ሚስቴንም ትንሽ አሟት ስለነበር ጉዞውን ትተነዋል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሌላ ዓመት እንመጣለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እሽግ ልኬያለሁ። ሹራቡ ውስጡ አለ። ቅባትም አለ፤ ማታ ማታ ትከሻዎን ይቀቡት፣ ገመዱ የላጠውን ቆዳ ቶሎ ያደርቀዋል። ከሥሩ ሱፍ የተሰፋበት የቆዳ ማንገቻም አሠርቻለሁ፤ ከገመዱ በታች ያድርጉት፣ አይቆርጥዎትም። ገንዘብ አትላክ ቢሉኝም ለፈረስ መግዣ የሚሆን አስገብቻለሁ። እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይግዙ። እባክዎ።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 22

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህን እንዴት አደረጋት? እሽግህ ደርሷል። ሹራቡ ትንሽ ይሰፋኛል፤ በፎቶው ላይ ኮቱ ነው ያወፈረኝ። ቅባቱ ጥሩ ነው። ማንገቻውን ፈረስ የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል።

ለመሆኑ ስለ ትከሻዬ ማን ነገረህ? እኔ አልጻፍኩልህም። ስለ ገመድም አልጻፍኩም። ውሃ ሻጩን እረዳዋለሁ ነው ያልኩህ፤ እንዴት እንደምረዳው ትንፍሽ አላልኩም። አምልጦህ ነው ወይስ ልወቅልህ ፈልገህ? የሆነው ይሁን፣ ከእንግዲህ መደባበቁ ይብቃን።

እኔም አይቼሃለሁ። በጥር ነው። የሞላ በርሜል ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ከሁለቱ የጋሪ ዘንጎች መሀል ገብቼ፣ ገመዱን በትከሻዬ አሳልፌ፣ ጨዋው የነበረበት ቦታ። ውሃ ሻጩ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከበርሜሉ ጎን ተቀምጧል። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። የጣቢያ ኪራይ መኪና ናት ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። ቀና ስል አንተ ነህ። ወፍረሃል፣ ግራጫ ባርኔጣ አድርገሃል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ልቤ ዘለለች፤ «መጣልኝ!» አልኩ። አትምጣ ማለቴን ሁሉ ረስቼ ገመዱን ከትከሻዬ ላወርድ እጄን አነሳሁ።

አንተ ዞርክ። በወዲያኛው በኩል ለሚስትህ በጣትህ አንድ ነገር ታሳያት ጀመር። ምን ይሆን ብዬ እኔም አየሁ። ግድግዳ ነው። የእህል መጋዘኑ ግድግዳ፣ መስኮት እንኳ የለውም። መኪናዋ ጥግ እስክትታጠፍ ድረስ ሚስትህን ግድግዳ ስታሳያት ነበር። እሷም ታዛዥ ናት መሰለኝ፣ አየችልህ። ብዙም ሳይቆይ ያቺው መኪና በታችኛው መንገድ ወደ ጣቢያው ስትመለስ ሰማኋት።

አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ። ተቀይሜያለሁ። ያን ዕለት ከጨዋው ሞት ይልቅ ያንተ መዞር ቆረጠኝ። ፍርድ ግን አልሰጥም፤ እዚያ ወንበር ላይ እኔም ተቀምጫለሁ፣ ከዚያ ላይ ሰላም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

የባሰውን ደግሞ ስማ። መኪናዋ ካለፈች በኋላ ውሃ ሻጩ፣ «ያ ሰውዬ አፍጥጦ አየህ እኮ፤ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለኝ። «አላውቀውም» አልኩት። የወንድሜ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት ማለት አቃተኝ። እንደ ፈረስ ተጠምጄ መታየቴን ለምጄዋለሁ፤ ሰዉም ለምዶታል። ያሳደገው ልጅ ረግጦት አለፈ መባሉን ነው የፈራሁት። አንተም ሚስትህ ስትጠይቅህ ይህንኑ ሳትላት አትቀርም። እንግዲህ ሁለታችንም ክደናል። አንተ ስለ እኔ አፈርክ፣ እኔ ስለ አንተ አፈርኩ፤ የሚያስታርቀን ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

ገንዘቡን መልሼልሃለሁ። ከመኪና መስኮት የተወረወረልኝ መሰለኝና እጄ እምቢ አለ። ውሃ ሻጩና እኔ ከዕለት ገቢያችን ትንሽ ትንሽ እያስቀመጥን ነው፤ አንድ ቀን በቅሎ እንገዛለን። ቅባቱን ግን አስቀርቼዋለሁ። ትከሻዬ ኩራት አያውቅም።

ሌላ ጊዜ መምጣትህ ካልቀረ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ከመኪናዋ ውረድ። ሚስትህንም አውርዳት፣ በእግሯ ትውጣው፣ ምንም አትሆንም። ሳመኝ አልልህም። በሰው ፊት አጎቴ ነው በል ብዬም አላስጨንቅህም። በርሜሉ ሲሞላ ዳገቱ ይከብደኛል፤ ዝም ብለህ ከኋላ ግፋልኝ። እንደምታፍር አውቃለሁ። ከኋላ የሚገፋ ሰው ፊቱ አይታይም።

አጎትህ